ቃጭሉን ያስቀረው ማነው

ይድረስ ፓዶቫ ላለሽው፣ ለምሳሳልሽ እናቴ።

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ወገብሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ የሚያቃጥልሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? የምታስታምሚያት ሲኞራ ኤርሚኒያ ከእንቅልፍሽ እየቀሰቀሰች ውሃ አምጪ ማለቷን ተወች ወይስ አሁንም እንደዛው ናት? አብራሽ ያለችው ስመራንዳስ ሥራ አገኘች? ብርዱ ገባ ወይ፣ እኛ ጋ ገብቷል። እመ አምላክ እዛም እናንተን እዚህም እኛን ትጠብቀን። አባዬ ደህና ነው፣ ላሟ ደህና ናት፣ እኔም አካሌ ሙሉ ነው፣ መጀመሪያ ይሄን እወቂና ከዛ ሌላውን አንብቢ። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂብኝ፣ ድሮም ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ።

ይሄን ወረቀት ባለ ሚኒባሱ ቶደር ነው የሚያመጣልሽ፣ ከአይቡና ከፕሪም ማርማላታው ጋር ጠቅልዬዋለሁ፣ ማርማላታውን እንዳታጋድሚው ክዳኑ ልል ነው። ስልክ የለኝም፣ ለምን እንደሌለኝ ትሰሚያለሽ። በአጎቴ የእንግዳ ማረፊያ፣ በፔንሲዮኑ ስልክ እንዳልደውል ደሞ አጎቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። እሱ ራሱ ሳይደውልልሽ አይቀርም፣ ልጅሽ ጉድ ሠራችኝ፣ እንግዳዬን ለድብ ሰጥታ እሷ ሮጠች ብሎሽ ይሆናል። እማዬ እኔ አልሮጥኩም። አጎቴን እሱ እሱ ስል ደሞ አትቆጪኝ፣ ወንድምሽ ነው፣ ታላቅሽም ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አንቱ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይለኛል።

ሐይቁ ዳር ያሠራውን የሳንቃ መንገድ በፎቶ አይተሽዋል። መግቢያው ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ድብ አቁሟል፣ ቆብ አድርጎ በእጁ ኑ ግቡ የሚል፣ ሕፃናት እሱ ላይ ተንጠልጥለው ፎቶ ይነሳሉ። በፎቶው ያልታየሽ ከጎኑ ያለው ሰሌዳ ነው። በጸጥታ ይራመዱ ይላል። እንደኔ ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ሰው እንኳ ሲያነበው ይደነግጣል። ድብ ብለን የማንጠራው አያ ማርቲን ባለበት ጫካ ማነው ሰውን በጸጥታ ሂድ የሚለው? አባዬን ብጠይቀው ከተሜ ወፍ መስማት ይወዳል ብሎኝ ወደ በረቱ ሄደ።

ሸምበቆው ጋ ያለውን መታጠፊያ ታስታውሺያለሽ፣ እንጆሪ ለቀማ ስትወስጂኝ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ነፋሱ ከውሃው ወደ እኛ ስለሚመጣ አያ ማርቲን ጠረናችን አይሸተውም፣ ሸምበቆው ስለሚንሿሿ ኮቴያችንን አይሰማም፣ ስለዚህ ከመታጠፋችን በፊት ቆመን ቃጭል እንመታና አያ ማርቲን መጣን፣ አንተም በመንገድህ እኛም በመንገዳችን እንላለን፣ ትንሽ ጠብቀን እናልፋለን። እዚህ አገር ያን ሳይል ያን መታጠፊያ የሚያልፍ ሰው አይቼ አላውቅም። ቄሱ እንኳ መስቀላቸውን በቀኝ ቃጭሉን በግራ ይዘው ነው የሚያልፉት።

እና በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ የፕሪም አረቄ አውጥተን በጨረስንበት ሰሞን፣ እሁድ ቀን ከቡካሬስት እንግዶች መጡ። አጎቴ ራፊላ ታዞራችኋለች፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት አላቸው። ምሳቸውን በጎመን የተጠቀለለውን ሥጋ በድስት አድርጌ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩ፣ ከዛ ቃጭሉን ከበሩ ምሰሶ ላይ አውርጄ ወገቤ ላይ ሳስር አጎቴ አየኝ። «ምንድነው እሱ?» አለኝ። «ቃጭል ነው ጋሼ» አልኩት። «እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ መንገድ ነድተው የመጡት የላም ቃጭል ሊሰሙ ነው? እነሱ አያ ማርቲንን ሊያዩ መጥተው አንቺ ሂድልን እያልሽ ልታባሪልኝ ነው?» ብሎ ከወገቤ ፈትቶ መልሶ ሰቀለው። እኔ ያለ እሱ አልሄድም አልኩ እማዬ፣ አልኩኝ፣ አልዋሽሽም። ሳቀብኝና «እናትሽ እንዲህ ፈሪ አልነበረችም፣ ቋንቋ ሳታውቅ ብቻዋን ጣልያን ገባች፣ አንቺ ጓሯችን ያለ ሐይቅ መዞር አቃተሽ?» አለኝ። አፌን ባንቺ ዘጋው። ቅርጫቴን አንስቼ ወጣሁ።

እንግዶቹ የሰሌዳውን ትእዛዝ አክብረው በጣታቸው ጫፍ ነው የሚሄዱት። ወጣቶቹ ከፊት ስልካቸውን ደግነው ድቡ የታለ፣ ድቡ የታለ እያሉ ይንሾካሾካሉ፣ ስሙን በጫካ መጥራታቸው ራሱ አንገቴን ያሳክከኝ ነበር። ከኋላ ኮርኔሊያ የምትባል ጡረታ የወጣች የዘፈን አስተማሪ ነበረች፣ ከባሏ ጋር በከዘራ ቀስ እያለች የምትሄድ። ስሜን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። የራፊላ ትርጉሙ ምንድነው አለችኝ፣ አላውቅም፣ የአባቴ እናት ስም ነው አልኳት፣ እንግዲያው ትርጉሙ ያ ነው አለችኝ። እንደዛ እያወራን ሸምበቆው ጋ ስንደርስ አንድ ነገር ሸተተኝ። ፕሪም። የተፈላ፣ የኮመጠጠ፣ የአረቄ ማውጫውን ካዛን ስናጥብ እጃችን ላይ ለሳምንት የሚቀረው ያ ሽታ። ፕሪም ዛፍ በሌለበት፣ ጥድ ብቻ ባለበት፣ ሐይቅ ዳር። ተመለሱ፣ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ ስላቸው አንዱ ወጣት ወይ ፈሪዋ አስጎብኛችን ብሎ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ።

ከዛ አንድ የድብ ግልገል ሳንቃው ላይ ወጣ። አፉ በፕሪም ተለቅልቆ ይንገዳገዳል፣ እማዬ ሰክሯል፣ እንደ ሰርግ ሽማግሌ ይንገዳገዳል። ወይኔ ሲያምር ብለው ሁሉም ወደሱ ሄዱ። እኔ እናቱን ነበር የምፈልገው፣ ዓይኔ ሸምበቆውን ሲያስስ ከኋላችን መጣች። ከፊት አይደለም ከኋላ። ኮርኔሊያ ዘወር ስትል እናቱ ቆማለች፣ አንድ ጊዜ በአፍንጫዋ ነፋች፣ ከዛ የሴትዮዋን እግር ነክሳ ጣለቻት። እኔ ስጮህ ድምፄ ራሱ አልተሰማኝም። የማንኳኳው ቃጭል የለኝም፣ ድስቱን ከቅርጫት አውጥቼ በክዳኑ ደበደብኩት፣ ጎመኑ መረቁ ሁሉ እላዬ ላይ ፈሰሰ፣ ስልኬ ከኪሴ ወጥቶ ውሃ ገባ፣ ከዛ ድስቱን ወረወርኩባት። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ እግሬ ተሳስሮ መሮጥ ስላቃተኝ ነው። ግልገሉ ሲያለቅስ ሰምታ ለቀቀቻትና ልጇን እየገፋች ጥዱ ውስጥ ገባች። ወጣቶቹ ዘወር ስል የሉም። የሮጡት እነሱ ናቸው። ኮርኔሊያን ሻርፔን እግሯ ላይ አስሬ፣ ባሏና እኔ ተሸክመን አወጣናት። እግሯን ሰፍተውላታል፣ ትራመዳለች ብለዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ገና አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ገና ደሟ ልብሴ ላይ ሳይደርቅ፣ አጎቴ ያ ሁሉ ሰው ፊት ትከሻዬን ይዞ ወዘወዘኝና «ቃጭሉን ያዢ አላልኩሽም? ስንቴ ልንገርሽ አንቺ ልጅ?» አለኝ። እኔ ምሰሶውን አየሁት፣ እሱ የሰቀለው ቃጭል እዛው ተንጠልጥሏል፣ ሰዉም ወደ ምሰሶው አየና ወደኔ አየ። ሰው እንዴት ደም እያየ እንዲህ ይዋሻል እማዬ፣ ያውም የእህቱ ልጅ ላይ፣ ያውም ዓይኔን እያየ።

በማግስቱ ወጥ ቤት መጣና ድምፁን አለስልሶ፣ ሰው ይረሳል፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ የደን ጠባቂው ሲመጣ ረሳሁት በይው በቃ፣ ማንም አያስርሽም አለኝ። አልረሳሁም ስለው ያ ልስላሴው ጠፋና አባትሽ የሚተኛው በማን ጣራ ሥር ነው ብሎ ጠየቀኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ። ዳቦ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። የሳቬታ ልጅ ደሞ እየሰማሁ «ከእሷ ጋር አንሄድም፣ በልታ ሳይሆን አስበልታ ነው የምትመለሰው» ብላ አሳቀቻቸው። አብረን የቆረብን ልጆች ነን። ቤት ገብቼ ለአባዬ ሳለቅስለት ራሱን ደፍቶ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ዝም በይ ልጄ፣ ያልፋል አለኝ። ያልፋል ሲል ድምፁ ልክ አልነበረም ግን ያኔ አልገባኝም።

ዝም እል ነበር። እውነቴን ነው፣ ፈሪ ነኝ፣ ዝም ብዬ አስበላች እየተባልኩ እኖር ነበር። ግን ወጥ ቤት ሆኜ አጎቴ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፣ ለሚመጣው እሁድ የተማሪ አውቶቡስ ይቀበላል፣ ከከተማ፣ ትንንሽ ልጆች። መንገዱ ምንም አልሆነም፣ አንዲት ሰነፍ አስጎብኚ ነበረችን አሁን ተስተካክሏል ይላል። ሽታው እኮ አሁንም አለ እማዬ፣ ነፋስ ሲዞር እስከ ግቢያችን ይመጣል። የለመደ አውሬ መች ይቀራል። ዓይኔን ስጨፍን በኮርኔሊያ እግር ፋንታ የሕፃን እግር ይታየኝ ጀመር። ስለዚህ የደን ጠባቂው ጋቭሪል ቤት ሄድኩና ኑ ላሳይዎት አልኩ።

ጋቭሪል የአጎቴ አበልጅ መሆኑን አልዘነጋሁም፣ ግን ሌላ የደን ጠባቂ ከየት ላምጣ። መጣ፣ አጎቴም ሰምቶ ተከተለን፣ አባዬም ከኋላ። ያን ሳንቃ ስረግጥ አባዬን ቀበቶውን ይዤ ነው የሄድኩት እንደ ሕፃን። ሸምበቆው ጋ ስንደርስ አንድ ሰው የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከምሮበታል። ጋቭሪል በዱላው ገለጥ ሲያደርገው ተርቡ ግር ብሎ ተነሳ፣ ሥሩ የፕሪም አተላ፣ ዘሩ እንዳለ፣ በጋሪ የሚቆጠር። ጋቭሪል ወደ አጎቴ ዞረ። አጎቴ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ከዛፍ የወደቀ ይሆናላ አለ። ጋቭሪል ቀና ብሎ ጥዱን አየና «ዘንድሮ ጥዱ ጥሩ አፍርቷል» አለ። ፈርቼም ቢሆን ሳቄ አመለጠኝ። አሁን አለቀለት፣ አሁን እውነቱ ወጣ ብዬ ነበር።

ምን ይወጣል። ጋቭሪል ዱላውን በሸምበቆው ጠራርጎ፣ ኒኪፎር ይሄን በጊዜ አስነሳው፣ ልጄን ክርስትና ያነሳህ ሰው ነህ፣ በመሀላችን ነውር አይግባ አለው። ወደኔ ዞሮ ደሞ አንቺም ከዚህ በኋላ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ድቧን የማስገደል ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ድቧ ከሞተች ሰዉ ይረጋጋል፣ መንገዱም ይቀጥላል አለኝ። አየሽልኝ? ድቧን ለእንግዳ ሊያሳይ ድግስ የደገሰው እሱ፣ ጠርቶ ያበላው እሱ፣ የምትገደለው ተጋባዧ። ያ የሰከረ ግልገል ያለ እናት ክረምቱን እንዴት ይወጣዋል ብል ጋቭሪል የድብ ጠበቃ ሆንሽ እንዴ አለኝ፣ አጎቴ ሳቀ። ያኔ ነው አንቱ ማለቱ የቀረው፣ አንተ ውሸታም አልኩት። እንዲህ ብዬ ሰው ተናግሬ አላውቅም፣ ታውቂኛለሽ።

እሁድ ቅዳሴ ቀርቼ ሄጄ መግቢያው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ያ ቆብ ያደረገው የእንጨት ድብ ሥር። እግሬን ሳንቃው ላይ ዘርግቼ። አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አየኝና ተነሺ አለኝ። አልነሳም አልኩ። ክንዴን ይዞ ሲጎትተኝ የእንጨቱን ድብ እግር አቅፌ ያዝኩ፣ ሰው ከቅዳሴ እየወጣ ቆሞ ያየናል፣ ያቺ የሳቬታ ልጅም አለች። አውቶቡሱ መጣ፣ ልጆቹ ወረዱ፣ ባለ ቀይ ቦርሳ፣ ባለ ጥንቸል ቆብ። አስተማሪያቸውን ሴትዮ እዛ ውስጥ አተላ ተደፍቶ ድብ ይመገባል፣ ልጆችሽን ይዘሽ ተመለሺ አልኳት። አጎቴ ፈገግ ብሎ አይዞሽ፣ ይቺ ልጅ ድብ ካየች ወዲህ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም፣ ቃጭሏን ረስታ ሰው አስበልታ ነው እንዲህ የምትለፈልፈው አላት። ሴትየዋ እሱን ታያለች እኔን ታያለች። እኔ ፀጉሬ ተበትኖ፣ ንፍጤ ወርዶ፣ እንጨት አቅፌ። እኔስ ብሆን እኔን አምን ነበር?

ከዛ አባዬ ከሰዉ መሀል ወጣ። የእሁድ ኮቱን ለብሷል፣ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል፣ ቄስ ፊት እንደሚቆመው። አጎቴን አላየውም፣ መሬት መሬት እያየ «አተላውን በጋሪ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ድፋው አለኝ፣ ደፋሁት። ትናንትናም ጨምር ብሎኝ ጨምሬያለሁ። ልጄ ቃጭሉን ስታስር ፈትቶ ሲሰቅለው በረት ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ» አለ። በቃ ይሄን ብቻ። ከዛ መጥቶ አጠገቤ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ፣ በዛ በንጹሕ ሱሪው። አስተማሪዋ ልጆቹን አንድ በአንድ እያነሳች አውቶቡስ ውስጥ መለሰቻቸው። ጋቭሪል ያ ሁሉ ሰው ሲያየው ጊዜ አበልጅነቱን ዋጥ አድርጎ ግንድ አስመጣና በራሱ እጅ መንገዱን ቸንክሮ ዘጋው። የድቧን ነገር ፈቃድ መጠየቁን ትቼዋለሁ ይላል፣ እኔ ግን ሰውየውን አላምነውም፣ ጠዋት ጠዋት ተኩስ ይሰማ እንደሆን ጆሮዬን እጥላለሁ።

በአባዬ ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም። ሰዉ ሁሉ አስበላች ሲለኝ እያወቀ ዝም ብሎኛል፣ ያም አልበቃ ብሎት ቅዳሜ ጨምሯል። ለምን ብዬ ስጮህበት፣ እናትሽ በሰው አገር ስትለፋ እኔ ቤት ካሳጣሁሽ በምን ዓይኔ አያታለሁ ብዬ ነው አለኝ። አሁንም ቡና አፍልቼ ስሰጠው አላየውም። ግን ያ ሁሉ ሰው ፊት ወጥቶ ሳንቃው ላይ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ስለዚህ ስትጽፊለት አትቆጪው፣ ለቁጣው እኔ እበቃዋለሁ።

አጎቴ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ቤቴን ልቀቁ ብሎናል። እንደ ሎሌ፣ ሎሌና ጌታ በሚለያዩበት ቀን። አባዬን ከበረቱ ሥራ አስወጥቶታል። አንቺ የቀባሽውን ወጥ ቤት፣ አንቺ የተከልሽውን አበባ ጥለን ነው የምንወጣው፣ ይሄን ስጽፍ ነው እንባዬ የመጣው። ይደውልልሻል። የእናቴ ልጅ፣ ልጅሽን ምከሪያት፣ ይቅርታ ትጠይቀኝና ሁሉም እንደነበረ ይሆናል ይልሻል። ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ታውቂዋለሽ። እማዬ ይቅርታ አልጠይቀውም። አንቺም ወንድሜ ነው ብለሽ እንዳትጠይቂልኝ። ብትጠይቂልኝ የዛች ሴትዮ እግር የቆሰለው በኔ ነው ማለትሽ ነው።

የዱቄት ወፍጮው ጋ ያለችው ፓራስኪቫ ሁለት ክፍል ሰጥታናለች፣ ጣራው አንድ ቦታ ያፈሳል፣ አባዬ እየደፈነው ነው። ለገና ስትመጪ ቶደር እንደ ልማዱ ፔንሲዮኑ በር ላይ እንዳያወርድሽ፣ ወፍጮው ጋ አውርደኝ በይው። ድልድዩን ሳትሻገሪ በግራ በኩል ነው፣ በሩ አረንጓዴ ነው፣ ቁልፍ የለውም፣ ገፍተሽ ግቢ።

አባዬ ጉልበትሽን በአረቄ እሺው ይልሻል። ፓራስኪቫ ከነዱቄቷ ሳመችሽ። ኮርኔሊያ ከሆስፒታል እናትሽን ሰላም በይልኝ ብላ ልካብኛለች፣ ድስቱንም ጠይቃለች፣ ሐይቅ ውስጥ ነው። ስመራንዳን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለሲኞራ ኤርሚኒያ የአይቡን ለስላሳውን ስጪያት። ያንቺው ፈሪ ልጅ ራፊላ ነኝ፣ እግርሽን እስማለሁ።

ጉራ ብራዱሉይ፣ ኦክቶበር 14